ግንዱ የዋጠው ቱቦ

መጋዙ ከምሳ በኋላ ጮኸና ጥርሶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። የእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን ቆመ። የዲትሮይት መኪና ፋብሪካዎች ለመኪና አካል አጥንት የሚፈልጉት፣ ሜፕል የሚባለው ዛፍ ግንድ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ቀረ።

ካቦ ሉንድግሬን በቀጥታ ወደ አባቴ መጣ። "ኔስቶሪ! አንተ ስትሞርድ የምታወጣው መጋዝ ሳይሆን ማንኪያ ነው። ዓይንህ አልቋል፤ ነገ ዕቃህን ሸክፍ!"

"ማንኪያ ከሆነማ አፍህን ይዘህ ቅረብ፣ ካቦ" አልኩት።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ፣ አውኔ?"

እውነት ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም። የአባቴን ዓይን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ላግዘው መጣሁ እያልኩ እሞርዳለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ብረቱን በጥፍሬ እየዳበስኩ ተማርኩት። ትከሻዬ ግን ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል። ካቦው ይህን ቢያውቅ ለሴት ልጅም፣ ለዕውር ሽማግሌም ቦታ የለውም።

እጄን ስንጥቁ ውስጥ ከትቼ የታጠፈ የብረት ቱቦ አወጣሁ። ገና ሳየው አወቅኩት። እናቴ በሕይወት ሳለች በረዶው ሲቀልጥ ሜፕሉን እየበሳን፣ ቱቦ በመዶሻ እየመታን እያስገባን ጣፋጩን ውሃውን እንቀዳና ስኳር እስኪሆን እናፈላው ነበር። "ቅጠሉ ሳይወጣ ንቀዪው፣ ዛፉ ይውጠዋል" ትለኝ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሰነፍኩ። ዛፉም ዋጠው።

"ጥርሱን የሰበረው ይሄ ነው። የመታሁትም፣ የረሳሁትም እኔ ነኝ" አልኩት።

"እንዲህ ያለ ስንት ዛፍ ውስጥ ቀርቷል?" አለ ካቦው።

"እንጃ። በደቡቡ ተዳፋት ላይ ያሉትን ሁሉ እኛ ነን የበሳናቸው።"

ካቦው ተራገመ። ከዚያ ከመጋዙ ላይ ያልተነካ አንድ ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ደም ብቅ አለ። ጣቱን እየመጠጠ "እንዲህ የሰላ አይቼ አላውቅም" አለ። "ይቅርታ፣ ሽማግሌው። ማን ነው ያስተማረህ?"

የሞረድኩት እኔ ነኝ ልል አፌ ተከፈተ። ይህ ምላሴ ሳይመልስ ያለፈው ነገር የለም። አባቴ ፊቱን ወደ እኔ ያዞረ መስሎት እኔ የሌለሁበትን ያያል።

አፌን ዘጋሁ።

"ሥራ ነው ያስተማረኝ" አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

"እንግዲያስ ሥራህ ላይ ቆይ" አለው ካቦው። "አንቺ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ከቆራጮቹ ፊት ፊት እየሄድሽ የበሳሽውን ዛፍ ሁሉ በኖራ ምልክት አድርጊ።"

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ትከሻዬን ተደግፎ "ለምን ዝም አልሽ?" አለኝ።

"ደክሞኝ ነው።"

አዲሱ መጋዝ ጠዋት ይደርሳል፤ ጥርሱ ገና አልተሞረደም፣ እኔ ደግሞ ጫካ ነኝ።