የኒልዳ ድስት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሞንቴቪዴዮ ውስጥ የአውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ ቤቴን አከራይቼ፣ አንድ ሻንጣ በጀርባዬ አዝዬ፣ ብቻዬን መንገድ ገባሁ። ይኸው ሦስት ዓመቴ። የማድረው ወጣቶቹ በሚያድሩበት፣ ስምንት ሰው አንድ ክፍል በሚታጎርበት ርካሽ ማረፊያ ነው። ሥራውን ብተወውም ሥራው አልተወኝም፤ ደንብ ሲጣስ ካየሁ ዝም ማለት አልችልም።

ኒልዳን ያወቅኋት ሱክሬ ከተማ፣ አንድ ማረፊያ ውስጥ፣ በአልጋ ተጣልተን ነው። አልጋዎቹ ተደራራቢ ናቸው፤ ከታቹ የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

«ጉልበቴ መሰላል አይወጣም» አልኳት።

«የእኔስ ከብረት የተሠራ መሰለህ? ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«እኔ ሰባ አንድ።»

«እንግዲያው ቀድመህ ሰማይ ቤት የምትወጣው አንተ ነህ። ከአሁኑ መሰላል ተለማመድ።»

ሳልወድ ሳቅሁ። አልጋው የእሷ ሆነ፤ እኔ ከበላይዋ ወጣሁ።

ኒልዳ ፓራጓያዊት ናት፣ ጡረተኛ አዋላጅ። የትም ስትሄድ ክዳኑ የተጨረመተ ትንሽ ድስት አይለያትም። ሦስት ሳምንት አብረን ገበያ ወጣን፣ አብረን ድንች ላጥን፤ መብላቱን ግን ለየብቻ። በማረፊያ ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጠው ምግብ ላይ ስምህንና ቀን ጽፈህ ትለጥፋለህ። ቀኑ እስኪያልፍ ማንም አይነካውም፤ ካለፈ ግን ላገኘው ነው። እኔ ይህን ደንብ እወደዋለሁ።

«አንድ ቀን ሳታስፈቅድ ድስቴን ትከፍታለህ» ትለኝ ነበር። «ያን ቀን ነው የእኔ ሰው የምትሆነው።»

«የሰው ስም ያለበትን? ሞቼ ነው ቆሜ!»

አንድ እሑድ ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ሁለት ሽማግሌ አብሮ ቢዞር ምን ይለዋል? ስትታመም እንኳ ውሃ የሚያቀብልህ አለ» አለችኝ።

«እኔ የምዞረው ብቻዬን ነው» አልኩ። ልቤ እሺ ብሎ ነበር፤ አፌ የለመደውን ተናገረ። ኒልዳ ድንቹን ልጣ ጨረሰች።

ሰኞ ጠዋት ስነቃ አልጋዋ ተነጥፏል፣ ሻንጣዋ የለም። ስልክ ቁጥሯን አልያዝኩም፤ የመንገድ ሰው ቁጥር አልሰበስብም እያልኩ ስኮራ የከረምኩ ነኝ። ፍሪጁን ብከፍት ድስቷ ተቀምጧል። «ኒልዳ፣ ሐሙስ» ይላል ወረቀቱ።

የማረፊያው ባለቤት ካሲልዳ መጥታ አየችው።

«ዶን ዊልማር፣ ረስታው ነው መሰለኝ። ይብሉት፣ ይበላሻል።»

«እስከ ሐሙስ የእሷ ነው።»

«ሴትዮዋ እኮ ሄዳለች።»

«ደንብ ደንብ ነው።»

ድስቷን ረስታ የምትሄድ ሴት እንዳልሆነች አውቅ ነበር። እያወቅሁ ዘብ ቆምኩለት። ማክሰኞ ዕለት አንዱ እንግዳ ክዳኑን ቢነካ ተቆጣሁት።

ዓርብ ጠዋት ከፈትኩት። ምስር በድንች ነው። ከላዩ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር፦

«ዊልማር፣ ሳታስፈቅድ ከከፈትከው አብረን መዞር እንችላለን ማለት ነው። ታሪሃ ከተማ፣ አውቶቡስ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ማረፊያ ውስጥ ታገኘኛለህ። ሁለት የታች አልጋ ይዣለሁ። እስከ ሐሙስ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ አገሬ እገባለሁ።»

ምስሩን ሳላሞቀው፣ እዚያው ፍሪጁ አጠገብ ቆሜ፣ ጠርጌ በላሁት። ዕድሜዬን የሰው ቲኬት ሳነብ ኖሬ፣ ለእኔ የተቆረጠው መጥቶ ደጄ ሲቀመጥ አላነበብኩትም። እንዲህ በራሴ አፍሬ አላውቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሆንም፣ ድስቱን አጥቤ የታሪሃ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ቅዳሜ ደረስኩ። ስለ ኒልዳ ስጠይቃት የማረፊያዋ ሴትዮ ወዲያው አወቀቻት።

«ፓራጓያዊቷ? ትናንት ሄደች። ሐሙስ በር ላይ ወንበር አውጥታ፣ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ቀና እያለች ዋለች። ዘመድዎ ናት?»

ድስቱን ከሻንጣዬ አውጥቼ ታቀፍኩት።

«አልጋ ከፈለጉ የታቹ ሁለቱም ባዶ ናቸው» አለች። «የወደዱትን ይምረጡ።»

«የላዩን ስጪኝ።»

ጉልበቴን አየችና፣ «መሰላሉን ይችሉታል?» አለችኝ።

«ተለማምጄዋለሁ» አልኳት።