የማርጌት ሳቅ

አውቶቡሱ ለንደን ካለው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ወደ ባሕር ዳርቻዋ ማርጌት ሊነሳ ሲል ጋሽ ዓባይ መሠረትን ከሰልፉ ገለል አደረጓት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ክፉ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው።

«የእታለማሁ ወንድም፣ ጥላዬ፣ ትናንት አዲስ አበባ ዐርፏል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሷ አልሰማችም። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ነገ ጎሕ ሲቀድ ቤቷ ሄደን እናረዳታለን። ዛሬስ ምን እናድርግ? ከጉዞው እናስቀራት?»

መሠረት ወደ መስኮቱ አየች። እታለማሁ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ አድርጋ የፊተኛውን ወንበር ይዛለች።

«ትምጣ» አለች። «ባሕር አይታ ትመለስ። እኔ አጠገቧ እሆናለሁ።»

«ጌታ ይባርክሽ። የቤት ልጇ ነበርሽ፤ ካንቺ የሚቀርባት የለም።»

እውነታቸውን ነው። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት መሠረት ዋይት ሲቲ በሚባለው የለንደን ሰፈር፣ እታለማሁ ቤት ተቀምጣ የእሷን ልጆች ትጠብቅ ነበር። በዚያ ሰመር ደሴ የምትኖረው የመሠረት እናት ሞተች። ወሬው በቤቱ ስልክ መጣ፤ ስልኩን ያነሳችው እታለማሁ ነበረች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆቹን የሚይዝላት ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ዝም አለች። በመካከሉም ሁሉንም ይዛ ለሽርሽር ማርጌት ወረደች። መሠረት እዚያ ከእንጨት በተሠራው የመዝናኛ ባቡር ላይ ተሳፍራ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እናቷ ያን ጊዜ አፈር ከለበሰች ሰንብታለች።

በመስከረም ሲያረዷት መጀመሪያ ትዝ ያላት ያ ሳቅ ነበር። ይቅር ብያለሁ ብላ በጉባኤ ፊት ተናግራለች፤ ይቅር ግን አላለችም። ዛሬ ቀኑ በእጇ ወደቀላት። እታለማሁን ታስቃታለች። ጥርሷ እስኪታይ ታስቃትና እያንዳንዱን ሳቅ በስልኳ ታነሳለች። ነገ፣ ከመርዶው በኋላ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ትልክላታለች።

አውቶቡሱ ከከተማ ሲወጣ ማይክሮፎኑን ያዘች። በየዓመቱ በጉዞው ላይ የምታስጎበኘው እሷ ናት።

«እንግሊዞች ባሕር መግባት የጀመሩት ለጨዋታ አይደለም፤ ለመድኃኒት ነው። የለንደን ሐኪሞች በሽተኛውን ማርጌት ይልኩት ነበር። እንዲታጠብ ብቻ ሳይሆን የባሕሩን ውሃ እንዲጠጣም ያዙታል።»

«ከኮሶ ይሻላል!» አለች እታለማሁ።

«ሴቶች እንዳይታዩ ደግሞ በፈረስ የሚጎተት ባለ ጎማ ጎጆ ነበረ። ሴቲቱን እንደያዘ ውሃው ውስጥ ይገባል። ከኋላው የሸራ ድንኳን ይዘረጋና እሷ ከሥሩ ትነከራለች።»

«አይ እንግሊዝ! ያኔ ጨዋ ነበረች በሉኛ!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። መሠረት የመጀመሪያውን ፎቶ አነሳች።

«የሳንባ ነቀርሳና ሌላም በሽታ ለያዛቸው ድኾች ባሕሩ ዳር ሆስፒታል ሠሩላቸው። አሁን መኖሪያ ፍላት ሆኗል።»

«ካውንስሉ በርካሽ የሚያከራየው ከሆነ አፕላይ አድርጊልኝ፣ የኔ ቆንጆ!»

ማርጌት ሲደርሱ ባሕሩ ሸሽቶ ቡናማውን አሸዋ ገላልጦታል። መሠረት እታለማሁን ክንዷን ይዛ የዛጎል ዋሻ ወደሚባለው ቦታ ወሰደቻት። ተራ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ምድር ውስጥ ይወርዳሉ። የመተላለፊያው ግድግዳ ሁሉ በዛጎል ተለብጧል፤ አበባ፣ ልብ፣ ፀሐይ። ድሮ ይበራበት የነበረው ፋኖስ ጥቀርሻ ቀለሙን አጥቁሮታል።

«ማን ሠራው?»

«አይታወቅም፣ እትዬ። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች አገኙት እንጂ ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራው የሚያውቅ የለም።»

«ይህን ሁሉ ሲለጥፍ ለአንድ ጎረቤት እንኳ ሳይተነፍስ? ምን ዓይነት ሆድ ነው!»

«አለ እንዲህ ያለ ሆድ» አለች መሠረት፤ አሁንም ፎቶ አነሳቻት።

ከዚያ አይስክሬም ገዛችላት። ነፋሱ ባርኔጣዋን ነጥቆ አሸዋው ላይ ሲያንከባልለው እታለማሁ እየጮኸች፣ እየሳቀች ሮጠችለት። ሰባ ያለፋት ሴት አትመስልም ነበር። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። መሠረት ደስታው ደረቷ ውስጥ ሲሞቃት ተሰማት።

የወደቡ ግንብ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ለጥላዬ ላሳየው» አለች እታለማሁ ስልኳን እያወጣች። «ወንድሜ ባሕር አይቶ አያውቅም። ይቀናል!»

በዋትስአፕ ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች። አይነሳም። ስትሰልስ አንዲት ሴት አነሳችና «ሃሎ» ሳትል ዝም አለች። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ወዲያው ተዘጋ።

እታለማሁ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቆይታም ወደ እሷ የተደገነውን የመሠረትን ስልክ አየች።

«ምነው ዛሬ ፎቶ አበዛሽብኝ?»

«ለማስታወሻ ነው።»

«ጠዋት ዓባይ ምን አለሽ?»

«ስለ ምሳው ነው፣ እትዬ።»

«ዓባይ ለምሳ ሰው ገለል አያደርግም።» አይስክሬሙ ጣቶቿ ላይ ይቀልጣል፤ አልጠረገችውም። «ባርኔጣዬን ሳባርር ስታዪኝ ነበር። እኔም ያኔ ባቡሩ ላይ ሆነሽ እንዲያ ነው ያየሁሽ።»

«ያስታውሱታል?»

«ምኑ ይረሳል! ልጆቹን የሚይዝልኝ አጣሁ፤ ሌላ ምክንያት ነበረኝ ብዬ አልዋሽሽም። ግን ስትስቂ ሳይሽ ደግሞ፣ ይህችን አንድ ቀን እንኳ አተረፍኩላት አልኩ።»

«ለእኔ ብለው ነው እንግዲህ?»

«እንጃ።» እታለማሁ የመሠረትን እጅ ያዘች። «አሁን እለምንሻለሁ፤ አትንገሪኝ። ነገ ሽማግሌዎቹ ይምጡና እንደ ደንቡ ይሁን። ዛሬን ብቻ፣ ልጄ። እስከ ነገ በሕይወት ይቆይልኝ።»

መሠረት ስልኳን ዝቅ አደረገች። ከጠዋት ጀምሮ ያጠመደችው ዝምታ በአንዴ ምጽዋት ሆነባት። አሁን ዝም ካለች እታለማሁ የለመነችውን ሰጠቻት ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የቆየችው ግን ልትሰጣት አልነበረም።

«ጥላዬ ሞቷል» አለች። «ትናንት።»

መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም። ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጎዳ ግራና ቀኝ የሚይዙት ሰዎች ይቆማሉ። እዚህ ማንም አልነበረም። እታለማሁ ከደረጃው ወርዳ እርጥቡ አሸዋ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። «ወንድሜ! ወንድም ጋሻዬ!» እያለች ደረቷን ስትመታ የሚጫወቱት ሕፃናት ዝም አሉ። አንዲት እንግሊዛዊት ሮጣ መጥታ አምቡላንስ ልጥራ ወይ ብላ መሠረትን ጠየቀቻት።

«አያስፈልግም» አለቻት መሠረት በእንግሊዝኛ። «ወንድሟ ሞቶባት ነው።»

የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች አሳና ቺፕሳቸውን ጥለው ደረሱ። ጋሽ ዓባይ እያለከለኩ ነበር።

«ማን ነው ሜዳ ላይ ያረዳት? ማን ነው ይህን ጭካኔ የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

ሁለት ሴቶች እታለማሁን ሊያነሷት ይታገላሉ፤ ክብደቷ አልቻል ብሏቸዋል።

«እህት መሠረት፣ ያዥልን እንጂ!» አለች አንደኛዋ።

መሠረት አልያዘቻትም። በሰዎቹ መካከል አልፋ ወደ አውቶቡሱ ሄደች፤ ወንበሯ ላይም ተቀመጠች። ለንደን እስኪገቡ ድረስ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እሷም ቦርሳዋን ባዶው ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደፊት እያየች ተጓዘች።