ባለ ሰባት ነጥቡ ዓሣ

የዓሣ ውድድር ያስጠላኛል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የተወዳዳሪውን ዓሣ የለካሁት እኔ ሃርላን ነኝና ከማንም በላይ የመጸየፍ መብት አለኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ገብቶ የመጀመሪያው የሰሜን ነፋስ የፍሎሪዳን ሙቀት ትንሽ ሰበር ሲያደርገው፣ ሴዳር ሾል ወደብ ላይ ስልሳ ሰባ ጀልባ ይሰለፋል። ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው በጨርቅ የሸፈኑ ወንዶች ኮፍያቸውን አውልቀው ከፓስተሩ ጋር ይጸልያሉ። "አሜን"ን በቅጡ ሳይጨርሱ ሞተራቸውን አስነስተው፣ አንዱ የሌላውን ቦታ ለመንጠቅ ይጋፋሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በፀሐይ ተለብልበው፣ የቢራና የዓሣ ቅርፊት እየሸተቱ ተመልሰው ይዋሹኛል።

በማጥመጃ ዕቃ ሱቁ በር ላይ በየሳምንቱ የሚሰቀለውን ሰሌዳ የምጽፈውም እኔ ነኝ። የዚያን ሳምንት እንዲህ ብዬ ነበር፦ "ውሃው ገና ለብ ያለ ነው፤ ቀጭን ሻይ መስሎ ጠርቷል። ሙሌት የሚባለው ትንሽ ዓሣ በመንጋ ወደ ደቡብ እየወረደ ነው፣ ቀይ ዓሣም ከኋላው አለ። ውሃው ወደ ባሕር ሲሸሽ የጅረት አፍ ላይ ጠብቁ።" ሁሉም እውነት ነው። የትኛው ጅረት እንደሆነ ግን አልጽፍም። በእኛ ሰፈር ቦታውን የሚናገር ሰው ለቀብሩም ሰው አይመጣለትም።

እኔ ቦታዬን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት፤ ለልጄ ለዳርላ።

ዳርላ የውሻ ጸጉር የምታስተካክልበት ሱቅ አላት። ባሏ ትሬንት ደግሞ ከከተማ የሚመጡ ሰዎችን እየወሰደ ዓሣ የሚያስጠምድ ነበር፤ ነበር የምለው አምና አውሎ ነፋሱ ጀልባውን ከነሞተሩ አንስቶ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ስለፈጠፈጠው ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው አጥር ይጠግናል። ጆርጂያ ያለ ወንድሙ ጣሪያ የሚሠራበት ቡድን ውስጥ ቦታ ይዞለት በየሳምንቱ ይደውልለታል። የዘንድሮው ውድድር ሽልማት አዲስ ጀልባ ከነሞተሩ ነበር። ዳርላ ቤቴ መጥታ ቁርጡን ነገረችኝ፦ "ካሸነፍን እንቀራለን። ካላሸነፍን ማክሰኞ ዕቃ እንጭናለን።" እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ዳርላ ከሄደች በዚህ ባሕር ዳር የሚቀረኝ ውሻዬና ጨው ብቻ ነው።

የውድድሩ ሕግ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጀልባ አንድ ቀይ ዓሣ ከነሕይወቱ ያመጣል። አፉን ዘግቼ፣ ጅራቱን ቆንጥጬ በመለኪያ ሰሌዳዬ ላይ እለካዋለሁ። ከሃያ ሰባት ኢንች ካለፈ ውድቅ ነው፤ ካላለፈ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከባዱ ያሸንፋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚመኘው ከልኩ በጸጉር የሚያንስ ወፍራም ዓሣ ነው። ልኩን በጸጉር ያለፈ ዓሣ የያዘ ሰው ደግሞ ዲያቢሎስ ጆሮው ላይ ይቀመጣል። ጅራቱን በመቀስ ከርከም ቢያደርጉት ርዝመቱ ይቀንሳል፣ ክብደቱ ግን አይነካም።

ይህን ከየት አወቅህ ብትሉኝ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ዓሣ ለኪ ከመሆኔ በፊት፣ ከሟቹ ጓደኛዬ ከዱዌይን ጋር፣ በዶሮ መቁረጫ መቀስ። ጠርዙን በአሸዋ አሸት አሸት አድርገን በድንጋይ ላይ ያለቀ አስመሰልነው። አሸነፍን፤ የሽልማቱ ሰሌዳ እስከ ዛሬ ኩሽናዬ ውስጥ ተሰቅሏል። በየዓመቱ በምስጋና ቀን በዓል ላይ ለቤተሰቡ ይህንኑ አወራለሁ፣ እስቃለሁ፣ ዳርላም ከልጅነቷ ጀምሮ እየሳቀች ትሰማለች። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ይባላል፤ ጥሩ ለኪ ያደረገኝም ይኸው ነው። የሌላውን ሁሉ ተንኮል ከሩቅ አሸተዋለሁ።

ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚመሩት ሚስ ኦፓል ነበሩ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ብቻቸውን ያጠምዳሉ፣ የቆርቆሮ ጀልባቸው ያፈሳል። በአንድ እጃቸው ዘንግ ይዘው በሌላው በወተት ጆግ ውሃ ሲጨልፉ ይውላሉ። ዓሣቸው ሰባት ፓውንድ ከሁለት ወቄት መዘነ። ፊታቸውን የሸፈኑት ጎረምሶች ሲያጨበጭቡላቸው ጥርሳቸውን እያፋጩ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ዳርላና ትሬንት መጡ። ትሬንት ውሃ የሞላውን ከረጢት ተሸክሞ ጫማውን ያያል። ዳርላ እኔን ታያለች።

"አባዬ፣ እስቲ የምታውቀውን ሰው ዓሣ ለካ" አለች።

ሰው ሳቀ። እጄን ከረጢቱ ውስጥ ሰደድኩና ዓሣውን አውጥቼ ሰሌዳው ላይ አጋደምኩት። ወዲያው ነጥቦቹን ቆጠርኩ።

ቀይ ዓሣ ጅራቱ ሥር ብዙውን ጊዜ አንድ ጥቁር ነጥብ ነው ያለው። ይኼኛው ሰባት ነበረው፤ አራቱ በቀኝ፣ ሦስቱ በግራ። ከሁለት ሳምንት በፊት በዚያ በምሥጢር ቦታዬ፣ ከፈረሰው የጀልባ ማቆሚያ ጀርባ፣ እኔው ራሴ ይዤዋለሁ። ሃያ ሰባት ከሦስት ሩብ ነበር። ለቅቄው ማታውኑ ለዳርላ ደውዬ፣ "ባለ ሰባት ነጥብ ዓሣ አየሁልሽ፣ ካለበት ንቅንቅ አይልም" ብዬ ጉራዬን ነፋሁላት።

አፉን ዘጋሁ፣ ጅራቱን ቆነጠጥኩ። ሃያ ስድስት ከሰባት ስምንተኛ።

ዓሣ በሁለት ሳምንት አያጥርም። ጅራቱን ዘርግቼ አየሁት። ትሬንት ቢሆን ኖሮ ጣውላ እንደሚቆርጥ ነበር የሚጎምደው፤ እጁ መዶሻ ነው። ይኼ ግን ከላይ እስከ ታች በልኩ ጎበጥ ተደርጎ፣ ጠርዙ እየሳሳ እንዲሄድ ተደርጎ የተከረከመ ነበር፤ የፑድል ውሻ ጆሮ እንደሚከረከም። ጫፉ ላይ አሸዋ ነበረበት። የልጄን እጅ አወቅሁት። አሸዋውን ደግሞ ከማን እንደተማረች አወቅሁ።

ቀና ስል ዳርላ ዓይኗን አልሰበረችም።

"አለፈ አይደል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

ያስጠላኝ ነገር ብዙ ነበር። የዓሣው ልጋግ ጣቴ መሃል ሲሞላ አስጠላኝ። የትሬንት ጫማውን ማየት አስጠላኝ፤ ሚስቱን አስቀድሞ ከኋላዋ የሚደበቅ ወንድ። የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ ቅርፊቱን እግሬ ሥር የሚተፋው ሕዝብ አስጠላኝ። ከሁሉም በላይ ግን የራሴ ድምፅ ነው ያስጠላኝ፤ ምክንያቱም፣

"ሃያ ስድስት ከሰባት። ይለፍ" አለ።

ስምንት ፓውንድ ከአንድ ወቄት መዘነ። ሕዝቡ ጮኸ። ዳርላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ጆሮዬ ሥር፣ "አውቅ ነበር አባዬ" አለችኝ። ምን እንደምታውቅ አልጠየቅኋትም።

ሕጉ የመጨረሻው ዓሣ ከተመዘነ በኋላ ለተቃውሞ ግማሽ ሰዓት ይሰጣል። መቃወም የሚችል ደግሞ ተወዳዳሪ ብቻ ነው። እኔም እንደ ፈሪ ሰው ሁሉ መላ መጣልኝ። ሚስ ኦፓል ጀልባቸው ውስጥ ተቀምጠው ውሃ ሲጨልፉ አገኘኋቸው።

"ሚስ ኦፓል፣ ተቃውሞ አያስገቡም?"

"በምን ላይ?"

"እንዲያው። መብትዎ ነው። ዓሣው ማቆያው ታንክ ውስጥ ነው፣ ሄደው ቢያዩት…"

"አንተ ለክተኸው የለ?"

"ለክቼዋለሁ።"

"ታዲያ አንተ ካልክ አለቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ በቃልህ ስሸነፍ ኖሬያለሁ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?"

ዓይኔን ወደ ታንኩ መለስኩ። ጆጉን አስቀመጡና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ገባቸው።

"ምኑ ነው?" አሉ።

"ጅራቱን ቢያዩት።"

"አንተ አይተኸዋል?"

"አይቻለሁ።"

ሚስ ኦፓል ውሃው ላይ እንትፍ አሉ። "ልጅህ አንተን እንዳትጠላህ እኔን እንድትጠላኝ ነው የመጣኸው? ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው ሃርላን፤ የሰው ቆሻሻ የምሸከምበት ወገብ የለኝም። ያየኸው አንተ፣ የምትናገረውም አንተ። አሁን ከፊቴ ዞር በል፣ ጀልባዬ እየሰመጠች ነው።"

ጆጉን አንስተው መጨለፋቸውን ቀጠሉ። እንደዚያ ቀን የተናቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ አላጠፉም።

ተመልሼ መድረኩ ላይ ወጣሁ። አስተዋዋቂው የጀልባውን ቁልፍ ለትሬንት ሊሰጥ ጎሮሮውን ይጠርጋል። ማይኩን ከእጁ ወሰድኩ።

"ባለ ስምንት ፓውንዱ ዓሣ ውድቅ ነው" አልኩ። "ጅራቱ ተቆርጧል። ከሁለት ሳምንት በፊት እኔው ይዤ ለክቼዋለሁ፤ ያኔ ሃያ ሰባት ከሦስት ሩብ ነበር። ቅድም አይቼ ያሳለፍኩት ልጄ ስለሆነች ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለኪ አይደለሁም።"

ከኋላ አንዱ በፉጨት አላገጠ። ትሬንት ቁልፉን ለመቀበል የዘረጋውን እጁን ኪሱ ከተተ። ዳርላ ግን አልተንቀሳቀሰችም። መድረኩ ሥር ቆማ ሽቅብ ታየኛለች፣ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። የቀረውን ግማሽ ነው።

ማይኩን ለአስተዋዋቂው መለስኩለት።

"በቃ?" አለችኝ ስወርድ። "ጨረስክ?"

"ምን ልጨምር?"

"የአንተ ሲሆን የምስጋና ቀን ጨዋታ፣ የእኔ ሲሆን በድምፅ ማጉያ?" አለች። አልጮኸችም። "እሺ አባዬ። ሌባ ነኝ። አንተ ግን ሌባም ዳኛም ሆነህ ኑር።"

ዓሣውን ከታንኩ አውጥቼ ለቀቅሁት። ጅራቱ ስላጠረ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ሄደና ጠለቀ። ጀልባው ለሚስ ኦፓል ተሰጠ፤ ሲያልፉ ሰላም አላሉኝም። ማክሰኞ ዕለት ዳርላና ትሬንት ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ስንብት ላይ ውሻዬን አቀፈችው፣ ጥፍሩ ማደጉን ነገረችኝ፣ መኪና ውስጥ ገባች።

ታኅሣሥ ላይ፣ ውሃው ቀዝቅዞ ዓሣው ሁሉ ጥልቅ ጉድጓድ ሲፈልግ፣ ከፈረሰው ማቆሚያ ጀርባ መንጠቆዬን ጣልኩ። ሁለተኛው ውርወራ ላይ ከባድ ነገር ያዘልኝ። ሳወጣው አራት ነጥብ በቀኝ፣ ሦስት በግራ። ጅራቱ ተመልሶ በቅሏል፤ ጠርዙ ትንሽ ነጣ ያለ፣ ሽርክት ያለ፣ ግን ሙሉ። ሃያ ስምንት ኢንች ለካሁት። የሚደወልለት ሰው አስቤ ስልኬን አወጣሁና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ዓሣው እንኳ የተቆረጠበትን መልሶ አብቅሏል፤ እኔ ስድሳ ሦስት ዓመቴ ላይ ግማሽ እውነት ተናግሬ ቤቴ ገብቼ እራት የበላሁ ሰው ነኝ። ዓሣውን ለቅቄ ሞተሩን አስነሳሁ።

ቤቴ ሄጄ የሽልማቱን ሰሌዳ ከኩሽና ግድግዳ ነቀልኩ። ከዚያ ወደ ሱቁ ሄድኩና ሳምንታዊውን ጻፍኩ፦ "ውሃው ቀዝቅዟል። ቀይ ዓሣ ጥልቁ ውስጥ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ።" ከሥሩ ጨመርኩ፦ "የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት እኔና ዱዌይን ያሸነፍንበት ዓሣ ጅራቱ የተቆረጠ ነበር። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ልጄ ከእኔ ነው የተማረችው። ሃርላን።"

የሱቁ ባለቤት ላማር ወጥቶ አነበበና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ቀልድህ አያልቅም" አለኝ።

"ቀልድ አይደለም" አልኩት፣ የሽልማቱን ሰሌዳ እጁ ላይ እያስቀመጥኩ።

ሳቁን አቆመ። የተጻፈውን እንደገና አነበበ፣ ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

የበሩን ሰሌዳ ፎቶ አንስቼ ለዳርላ ላክሁላት። እንዳየችው ስልኩ ይናገራል። እስካሁን አልመለሰችም።