የግድግዳው ሰሜን

ካፒቴን እንዳልካቸው ከሬዲዮው ከወጣ በኋላ ፊርደውስ መቀመጥ አልቻለችም። ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። የምትሠራበት የአየር ጠባይ ጣቢያ ከመካነ ሰላም በላይ፣ ኮረብታ ላይ የቆመች አንድ ክፍል ናት፤ ሰው ሲጨንቀው የሚንጎራደድበት ቦታ እንኳ የላትም።

ታች ሆስፒታል ታናሽ እህቷ አሚራ ተኝታለች። ጠዋት ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ለእሷ የሚሆን ደም ከከተማው ጠፋ፤ የደሴው መንገድም በበልጉ ዝናብ ተንዶ ተዘግቷል። የቀረው ተስፋ ደሙን ይዛ ከአዲስ አበባ የተነሳችው ትንሽ አውሮፕላን ናት።

አብራሪው የጠየቃት ነፋሱን ነበር። ‹‹ከምሥራቅ ነው፤ ኃይለኛ ነው›› አለችው። ማኮብኮቢያው ከኮረብታው ማዶ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ኃይለኛም ቢሆን ለሚያርፍ ሰው ደግ ነው፤ የሚፈራው ከጎን የሚመታው ነው።

‹‹በእውነተኛው ሰሜን ነው ወይስ በኮምፓስ?›› አላት።

‹‹በእውነተኛው። ይቅርታ ካፒቴን፣ በጽሑፍ የምንልከው በእሱ ስለሆነ ለምዶብኝ ነው። ለእርስዎ በኮምፓስ መንገር ነበረብኝ።››

‹‹በእኛ አገር ልዩነቱ ሦስት ዲግሪ ቢሆን ነው፤ አታስቢ።››

አታስቢ የተባለ ሰው ግን ያስባል። አፏን ሞልታ በእውነተኛው ነው ያለችው በምን አውቃ ነው? ባለፈው ሳምንት በረዶ ያዘለ ወጀብ የነፋስ ጠቋሚውን ከነምሰሶው ሲጥለው መልሳ ያቆመችው ራሷ ናት። ኮምፓስ ነበራት። ነገር ግን ፊርደውስ ማጣራት ትወዳለች፣ አብዝታ ትወዳለች፤ መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን ሦስት ዲግሪ ይስታል ብላ ናቀችው። ከመካነ ሰላም መካ ያለችው ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ፤ መስጊድ ደግሞ ወደ መካ ዞሮ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከኮረብታው ወለል ብሎ የሚታየውን የአሮጌውን መስጊድ የጎን ግድግዳ ተከትላ፣ ያችን ዘንበል ያለችውን ቀንሳ፣ ከጠቋሚው ሥር ሰሜንን የሚያሳየውን ክንድ አሰረች። ኮርታበትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ እንደተደፈነ ነው፤ ፀሐይ እንኳ ወጥታ አላጋለጠቻትም።

የአሚራ ባል ሳዲቅ እያለከለከ ኮረብታውን ወጣ።

‹‹እየመጣ ነው፣ አብሽር›› አለችው።

‹‹አልሐምዱሊላህ!›› አለና ግቢው ውስጥ መስገጃውን አንጥፎ፣ ጫፎቹን በድንጋይ አስይዞ ለዙህር ሶላት ቆመ። ፊርደውስ በመስኮቱ አየችውና ክው አለች። ወደ መካ የሚነጠፈው መስገጃ ከሰሜኑ ክንድ ጋር አልገጠመም፤ በጣም ወደ ቀኝ ዞሯል። ሰግዶ እስኪጨርስ እንዴት እንደጠበቀችው አላህ ይወቅላት።

‹‹ሳዲቅ፣ ቂብላውን ሳትከው እኮ!››

‹‹ኧረ በነቢ! ስልኬም የሚያሳየኝ ይህንኑ ነው።››

‹‹የመስጊዱ ግድግዳስ?››

‹‹ግድግዳውማ ጠማማ ነው። ያኔ የሠሩት ሰዎች ስተውት ነው። እኛ እኮ ውስጥ የምንቆመው ሰያፍ ነው፤ ምንጣፉ ላይ መስመር ተሰምሮልናል። የማያውቅ ወንድ የለም።››

ፊርደውስ የምትሰግደው ከጀርባ በተሠራው በአዲሱ የሴቶች ክፍል ነው፤ ይህን ማን ነግሯት! ሦስት ዲግሪ ሸሽታ አርባ ዲግሪ ውስጥ ገብታለች። ከምሥራቅ ነው ያለችው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ነው፤ አውሮፕላኗን የሚያገኛት ከጎን ነው።

ሬዲዮውን አነሳች። ብነግረው ይመለሳል፤ ዝም ብለውስ? ምናልባት ይችለው ይሆናል። ይህን በማሰቧ ያፈረችው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለማፈርም ጊዜ አልነበራትም።

‹‹ካፒቴን፣ ተሳስቻለሁ። ጠቋሚዬ ጠማማ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው።››

‹‹በዚህ ጉልበቱ ከሆነ ማረፍ አልችልም። እመለሳለሁ፤ አዝናለሁ።››

መልስ ልትሰጠው የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች። ቀድሟት የጮኸው ግን በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ የነበረው ሳዲቅ ነው።

‹‹ምን አደረግሽ ፊርዱ? እህትሽ እኮ ናት! የገዛ እህትሽን!››

መስገጃውን እንደተነጠፈ ትቶ ቁልቁል ወደ ሆስፒታሉ ሮጠ። ፊርደውስ እያለቀሰች ወጣች። እያለቀሰች መፍቻ አነሳች፣ የሰሜኑን ክንድ ፈታች፣ ያችኑ ዘንበል ቀንሳ በመስገጃው አቅጣጫ አዞረች። የናቀችውን ኮምፓስም ከብረቱ ራቅ ብላ ያዘችና ሦስቷን ዲግሪ ደመረችበት። ገጠመ። ምን ዋጋ አለው፣ አሁን ቢገጥም!

ከዚያ ነው የመስገጃው ጫፍ ሲራገብ ቆይቶ መሬት ላይ ሲተኛ ያየችው። ዓይኗን አላመነችም፤ የምትመኘውን እያየች መሰላት። የነፋሱን ፍጥነት የሚለካውን መሣሪያ አየች፤ ዝም ብላ ጠብቃ ደግማ አየች። ረግቧል።

‹‹ካፒቴን! ነፋሱ ረገበ። አቅጣጫው ያው ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ጉልበት ግን የለውም።››

‹‹በየትኛው ሰሜን?››

‹‹በእውነተኛው። አሁን አስተካክየዋለሁ።››

‹‹ታማሚዋ እህትሽ ናት፣ አይደል? ሰውዬው ሲጮህ ሰምቻለሁ።››

አሁን ማን ያምነኛል አለች በልቧ።

‹‹አዎ፣ ታናሼ ናት።››

‹‹ቅድም ነፋሱ ከጎን ነው ያልሽኝም ታናሽሽ ሆና ነው›› አላት። ‹‹ዞሬያለሁ። ዓይንሽን ከጠቋሚው አትንቀዪና እያየሽ ንገሪኝ።››

ትነግረው ጀመር።