ለሪሀና የሚላከው ጁፒተር

"አሁንም ተበላሸ!"

ሙህዲን ስልኩን ከቴሌስኮፑ ላይ አንስቶ ፎቶውን አየው። ጁፒተር እንደ ፈሰሰ ወተት ተዝረክርካለች፤ ከጨረቃዎቿ አንዷም አልወጣችም።

መግሪብ ተሰግዷል። ነገ ረመዳን ይሁን አይሁን ለማወቅ የከሚሴ ሰው ሁሉ ወደ ምዕራብ አንጋጧል። እሱ ብቻ ካላለቀው ፎቁ ላይ ለምዕራብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

"ሙህዲን! ጨረቃዋ እኮ በዚህ ናት!" አለው ጎረቤቱ አብዱልጀባር፣ ከመንገድ ላይ እየሳቀ።

"የናንተ አንዲት ናት፤ እኔ አራት ነው የምፈልገው!"

አፉ ይጫወት እንጂ ሆዱ ተጨንቋል። ቴሌስኮፑን ከሟች ሚስቱ ከአስያ ጋር ነው የሠሩት። ቧንቧ ሠራተኛ ነውና ከሥራ የተረፈ የፍሳሽ ቱቦ አመጣ፤ መስታወቱን ዘመድ ከአዲስ አበባ ላከላቸው። በረመዳን ዋዜማ ጁፒተር ከታየች ፎቶ ሳያነሷት አይገቡም ነበር። እሱ ቱቦውን ያነጣጥራል፤ አስያ ትንፋሿን ውጣ ስልኩን ትደግናለች። ፎቶው ደሴ ለተዳረችው ልጃቸው ለሪሀና ይላካል። አይ ያ ጊዜ! "አታስቀኝ፣ ታመልጠናለች" እያለችው በሳቅ ስንቱን ፎቶ አበላሽተዋል።

አስያ ባለፈው ዓመት አረፈች። ዘመድ መክሮ ዘክሮ ረቢአን አጋባው። ሪሀና ስትደውል የረቢአን ስም አትጠራም፤ እሱም አያነሳባትም። በዚህ ላይ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ዘንድሮ ፎቶው ከቀረ ልጁ "እናቴን ረሳት" ትላለች ብሎ ፈርቷል።

"የሪሀና አባት፣ ራቱ ቀዘቀዘ እኮ" አለች ረቢአ ከደረጃው ጫፍ። ከዚያ አልፋ አታውቅም፤ ቦታው የማን እንደነበር ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። እጁን አየችው።

"ልያዝልህ?"

እምቢ ቢል ፎቶ የለም። እሺ ቢል ደግሞ አስያን የከዳት መሰለው።

"ኮቱ" አላት በመጨረሻ። "ነይ። ግን ቶሎ በይ፤ ጁፒተር ከቱቦው እየሸሸች ነው።"

ረቢአ ስልኩን በእጇ አልያዘችውም። ትከሻዋ ላይ የጣለችውን ሻርፕ አወረደችና ልጅ እንደምታዝል አድርጋ ስልኩን ከቱቦው ጋር ጠፍንጋ አሰረችው። ሙህዲን ቱቦውን ቀስ አድርጎ ወደ ጁፒተር መለሰላት። "ቢስሚላህ" ብላ ስልኩን በአንድ ጣቷ ነካችው።

"ያ አላህ! እነዚህ ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?"

"ጨረቃዎቿ።"

"አራቱም የሷ? እኛ በአንዷ እንኳ 'ታየች አልታየች' ስንባባል ነው የምናመሸው!"

ሙህዲን ከት ብሎ ሳቀ። ከአስያ ወዲህ እዚህ ቦታ ስቆ አያውቅምና ወዲያው አፈረ። ስልኩን ፈትቶ ፎቶውን ላከ።

ብዙም ሳይቆይ ሪሀና ደወለች።

"አባዬ፣ ማሻአላህ! አራቱም ወጥተዋል! እጅህ ተሻለህ እንዴ?"

ድምጿ ጮክ ብሎ ይሰማል። ረቢአ ሻርፗን ለብሳ ወደ ደረጃው አመራች። "አዎ" ቢል ያልፋል፤ ለልጁም ለሱም ይቀላል።

"አልተሻለኝም" አለ። "ረቢአ ናት ያነሳችው።"

ሪሀና እስክትመልስ አልጠበቀም፤ ደረጃው ጫፍ ላይ ረቢአ ጋ ደርሶ ስልኩን ዘረጋላት።

"እንኪ፣ እንዴት አድርገሽ እንዳሰርሽው ራስሽ ንገሪያት።"