የማክሰኞ ዓሣ

ሀምዱ በዕድሜው ዓሣ ቀምሶ አያውቅም። በሐርቡ ማሽላ ያደገ ገበሬ ነው፤ ዓሣ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው ከሐይቅ ተጭኖ፣ ደሴን አቋርጦ ቁልቁል ሲወርድ በመንገድ ሲያልፍበት ነው፤ ያን ጊዜም አፍንጫውን ይይዛል። እና በዚህ ማክሰኞ ረፋድ ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የሰርካዲስ ዓሣ ቤት በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን የሚያስተካክለው አምሮት ይዞት አይደለም። ሚስቱ መርየም እሑድ ዕለት ሞታለች። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ልጃቸው ሳሊሃ እዚህ ቤት መጥታ እናቷን ትጠብቃለች። ሳሊሃ ምንም አልሰማችም። የሚያረዳት እሱ ነው።

ሳሊሃ ከስድስት ዓመት በፊት ጥበቡ የሚባል፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰልባጅ ልብስ የሚሸጥ ክርስቲያን አግብታ ክርስትና ተነሳች። ወሎ ውስጥ ይህ ሰማይ የሚደፋ ነገር አይደለም። አንዱ ወንድም መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት፣ ዒድና ፋሲካ በአንድ ግቢ የሚከበርበት ቤት ሞልቷል። የሀምዱ የገዛ አባቱ አጎት ክርስቲያን ነበሩ፤ ሲሞቱም ከማንም በላይ ያለቀሰው ሀምዱ ነው። ነገሩ በራሱ ቤት ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ጠፋበትና «ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» አለ። ሀምዱ ደግሞ አንዴ ከአፉ የወጣ ቃል መልሶ መዋጥ የሚያንቀው ዓይነት ሰው ነው። ውሎ አድሮ ንዴቱ ቢበርድለትም ቃሉ አልበረደለትም። ሳሊሃ በበዓል ሰው ላከች፤ መለሰው። ልጅ ወለደች ተባለ፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

መርየም ግን እናት ናት። ባሏን ፊት ለፊት መጋፈጥ አልሆነላትም፤ ልጇንም መተው አልሆነላትም። ወር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ «ኮምቦልቻ መድኃኒት ልገዛ» ብላ ትወጣለች። እሷ ከሐርቡ ትወጣለች፣ ሳሊሃ ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ትወርዳለች፣ ዓሣ ቤቱ ውስጥ ይገናኛሉ። ለምን ዓሣ ቤት ቢባል፣ ሌላ አብረው የሚበሉበት ስላልነበረ ነው። መርየም የክርስቲያን ሥጋ አትበላም፤ ሳሊሃም የእስላም ሥጋ ትታለች። ዓሣ ግን ማንም አያርደውም። ቢስሚላህም በስመ አብም ሳይባልበት ከውኃ ይወጣል፣ ያኔ ያበቃለታል። ቀኑንም ቢሆን አስበውበት ነው የመረጡት። ረቡዕና ዓርብ የልጅቱ ጾም ነው፤ ሰኞና ሐሙስ እናትየው ሱና ትጾማለች። የቀራቸው ማክሰኞ ነበር።

ሀምዱ ይህን ሁሉ የሰማው ቅዳሜ ዕለት ከራሷ ከመርየም አፍ ነው። ከረመዳን ወዲህ የያዛት የትንፋሽ ሕመም ጠንቶባት መደብ ላይ ተኝታ ሳለ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ከዚያ እጁን ያዘችና «ሀምዱ፣ ሳሊሃን አምጣልኝ» አለችው። አጠገቧ የነበረችው የእህቷ ልጅ ፋኢዛ ስልኳን አወጣች። «ቁጥሯ አለኝ፣ ልደውልላት?» አለች።

«ነገ» አለ ሀምዱ።

እምቢ ማለቱ አልነበረም። ለስድስት ዓመት ዘግቶት የኖረውን በር በአንዴ መክፈት ከብዶት፣ አንድ ቀን ለራሱ መበደሩ ነበር። መርየምም የምትቆይለት መስሎት ነበር። እሑድ ፀሐይ ከፍ ሲል ትንፋሿ እየተቆራረጠ «ሳሊሃ መጣች? ሳሊሃ መጣች?» እያለች ፋኢዛ እጅ ላይ አለፈች። ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበረች። ከደሴ ሐርቡ ለመድረስ ጊዜው ይበቃ እንደነበር ሀምዱ ያውቃል፤ ፋኢዛም ያን ቀን ደግማ ጠይቃው ነበር። ነገር ግን ልጅቷ መጥታ በሰው ፊት «እናቴ አልጠራችኝም ወይ?» ብትል ምን ሊመልስ ነው? «መርዶውን እኔው እነግራታለሁ» ብሎ ሁሉንም ዝም አሰኘ። አባት እንዲህ ካለ ማን ቀድሞ ይናገራል?

መርዶ ደግሞ ሥርዓት አለው። ደሴ ወጥቶ ባሏን ጥበቡን ማግኘት፣ ጎረቤት ማሰባሰብ፣ ከዚያ ደግፎ በሚይዛት ሰው መሀል መንገር ነበረበት። ይህንን አላጣውም። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ሲደርስ የደሴ ሚኒባስ ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ ነበር። ግን የጥበቡን በር ማንኳኳት፣ «ይግቡ» መባል፣ እዚያ ቤት መቀመጥ ታየውና እግሩ ከበደው። «አባቴ፣ ይግቡ ወይ ይውረዱ» አለው ረዳቱ። ወረደ።

ሰርካዲስ ሽርጧ ላይ እጇን እየጠረገች ተቀበለችው። ወፈር ያለች፣ ከምድጃው ወላፈን ፊቷ የቀላ ሴት ናት።

«የመርየም ባለቤት ነኝ» አላት።

«ውይ፣ የእትዬ መርየም! ይግቡ አባቴ። እሳቸውስ?»

«ዛሬ አልቻለችም። ይሄ ዘይት ሥጋ ይነካዋል?»

ሰርካዲስ ሳቀች። «ከዓሣ በቀር ወደዚህ ቤት የሚገባ የለም። እሳቸውም መጀመሪያ የመጡ ቀን ይችኑ ነው የጠየቁኝ» አለችና መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ አስቀመጠችው። የዘይቱ ጩኸት፣ የሚጥሚጣው ሽታ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ልጆች ሳቅና ጨዋታ ቤቱን ሞልቶታል። ሀምዱ በዚህ ሁሉ መሀል መርየም ወር በወር ተቀምጣ መሳቋን አሰበና እንግዳ ሰው ሆነችበት።

ሳሊሃ በሩ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ወፍራለች፣ ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋለች። አባቷን ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ቀሚሷ ውስጥ መክተት ነው። ሀምዱ አይቶታል፤ አንጀቱን በላው። ልጄ የምትደበቀው ከእኔ ነው አለ በልቡ። እሷ ግን ለሌላ ነገር ጊዜ አልሰጠችውም፤ መጥታ እግሩ ሥር ተንበረከከችና ጉልበቱን ሳመች፤ «አባ» አለች፤ ደግማ «አባ» አለች።

«ተነሺ፣ ሰው ያያል።»

«ይየኝ። እማ ናት የላከችዎ?»

«አዎ፣ እሷ ናት» አለ። ይህ ውሸት አልነበረም።

«እሷስ?»

«ትንፋሹ ነው። ዛሬ አልቻለችም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሳሊሃ ፊቱን አይታ ትጠረጥር ነበር። ዛሬ ግን ስድስት ዓመት የጸለየችበት ነገር ፊቷ ተቀምጧል፤ ደስታው ዓይኗን ጋርዶታል። ሀምዱም ከሥርዓቱ አንዱን እንኳ ልጠብቅ ብሎ ነበር። መርዶ የሚረዳ ሰው ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትምና፣ አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲቀምስ ይደረጋል። ስለዚህ ትብላ፣ ከዚያ እነግራታለሁ አለ። አሳቢነት መስሎት ነው።

ሰርካዲስ ሁለት ሙሉ ዓሣ ጠብሳ፣ ጎኑን በቢላዋ ሸንትራ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር አቀረበች። ሳሊሃ እጇን ታጥባ የአባቷን ዓሣ ወደ ራሷ ሳበችና አጥንቱን በጣቷ ትለቅም ጀመር።

«ከጀርባው ነው የሚጀመረው አባ። እማ መጀመሪያ ቀን አጥንቱን ፈርታ እንጀራውን ብቻ በላች፤ አሁን እኔን ትበልጠኛለች። እንኩ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

ጉርሻው እያቃጠለ፣ እየጎመዘዘ ወረደ። ሀምዱ በሹክሹክታ ቢስሚላህ አለ። ሁለተኛም አጎረሰችው። እየበላች ታወራለች፤ በአፏ ምግብ ይዛ ማውራት ከልጅነቷ አልለቀቃትም። ኩኩ የምትባል አምስት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻት። ኩኩ ነገረኛ ናት፤ የአፀደ ሕፃናት አስተማሪዋን «አንቺ ራስሽ አልጻፍሽውም፣ እኔ ለምን እጽፋለሁ?» ብላለች።

«አያቴ ረዥም ነው ወይ ትለኛለች። እንደ ስልክ እንጨት ነው አልኳት። ታዲያ ገመዱ የት አለ አለችኝ።»

ሀምዱ ሳቀ። ሳያስበው፣ ከሆዱ ሳቀ። ሳሊሃም የአባቷን ሳቅ ስትሰማ ዓይኗ በእንባ ሞልቶ አብራው ሳቀች። እሱም ከራሱ ዓሣ ቆረሰና፣ አጥንት እንዳይኖርበት አገላብጦ አይቶ፣ አጎረሳት። አላህ ይቅር ይበለው፣ ለዚያች ጥቂት ጊዜ መርየም መሞቷን ረስቶ ነበር።

«በሚመጣው ወር ማክሰኞ ኩኩን ይዣት እመጣለሁ» አለች ሳሊሃ ጣቷን እየላሰች። «እማም ይሻላታል፤ አራታችንም እዚሁ እንበላለን። ሰርካዲስ! ለእማ አንድ ጠቅልዪልኝ፣ ሚጥሚጣው በዛ ይበል። አባ፣ ሳይቀዘቅዝ ያድርሱላታል አይደል?»

«አታስጠቅልዪ» አለ ሀምዱ።

«ለምን?»

ያዘጋጀው ቃል ነበረው። ጠዋት መንገድ ላይ ሲደጋግመው መጥቷል፤ አሁን አንዱም የለም። አፉ የዓሣ ቅባት ብቻ ሆኖበት የሳሊሃን እጅ ያያል።

«እጅሽን ታጠቢ፣ ልጄ» አላት።

ሳሊሃ አልተነሳችም። የአባቷን ፊት አየች፤ ስትገባ ያላየችውን ያልተላጨውን ጢም፣ ያበጠውን ዓይን አየች። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገውም።

«መቼ?» አለች።

«እሑድ።»

መጀመሪያ «ያ አላህ» አለች፤ ቀጥላ «እመቤቴ» አለች፤ ከዚያ ቃል የሌለው ጩኸት ሆነ። ሰርካዲስ ጭልፋዋን ጥላ ሮጣ መጥታ በቁሟ አቀፈቻት፣ ነገሩ ሲገባትም አብራ ታለቅስ ጀመር። የፋብሪካው ልጆች ምግባቸውን ትተው ተነሱ። ሳሊሃ ፊቷን ስትመታ ቅባቱና ዳጣው ዓይኗ ገባ። ደግፎ የሚይዛት የሷ ሰው በቤቱ ውስጥ አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ሊበላ የገባ ባዳ ነው። ሀምዱ መቀመጫው ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ። ስበላ ያየኝ ሰው ምን ይላል ብሎ አፈረ፤ እንዲህ ያለውን በማሰቡ ደግሞ ራሱን ተጠየፈ።

ሰርካዲስ ፊቷን አጠበቻት። ጩኸቱ በረድ ሲል ሳሊሃ መሬት ላይ፣ የአባቷን ጉልበት ይዛ ተቀምጣ ነበር።

«ተቀበረች?»

«ተቀበረች።»

«አባ፣ ጠርታኝ ነበር?»

ሀምዱ አዎ ቢላት የእናቷን የመጨረሻ ቃል ይሰጣታል፤ ያን ቃል ይዛ ዕድሜዋን ትኖራለች። ነገር ግን ወዲያው «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» ትለዋለች፤ ያኔ ጉልበቱን የያዘችበት እጅ ይለቀዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ አልፈልገውም ሲል የኖረው እጅ ነው፤ ከያዘው ገና ሰዓት አልሞላውም። ቤቱ ደግሞ ከእሑድ ጀምሮ ባዶ ነው።

«አልጠራችሽም» አለ። «ድንገት ነው የሆነው። አፏን እንኳ አልከፈተች።»

«ስሜን እንኳ አላነሳችም?»

«አላነሳችም።»

ሳሊሃ ማልቀሷን አቆመች። «ተቀይማኝ ነበር ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከሃይማኖቷ ስለ መውጣቴ እዚህ ስንገናኝ ምንም አትለኝም ነበር። በሆዷ ይዛው ነበር ማለት ነው።»

ሀምዱ አሁን እንኳ ሊመልሰው ይችል ነበር። አንድ ቃል ትበቃው ነበር። ሳሊሃ እጁን ይዛ በሁለቱም በኩል ሳመችው። «እርስዎ ግን መጡልኝ» አለች። «እርስዎ ባይመጡ ከመንገደኛ እሰማው ነበር። ከእርስዎ ሌላ ማን ቀረኝ አባ? እንሂድ፣ ቤት ይውሰዱኝ።»

ሐርቡ ወሰዳት። ሚኒባሱ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሳሊሃ ለጥበቡ ደውላ በተቆራረጠ ድምፅ ነገረችው፤ ኩኩን ይዞ እንዲመጣም አዘዘችው። ከዚያ ራሷን አባቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። በልጅነቷ ከገበያ ሲመለሱ እንዲህ ነበረች። ሀምዱ እንዳይነቀንቃት ተጠንቅቆ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤቱ ዳስ ውስጥ ከሴቶቹ መሀል ፋኢዛ እንዳለች፣ ሳሊሃን ስታይ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ መጀመሪያ የምትነግራት ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል። ከኮምቦልቻ ሐርቡ ሩቅ አይደለም። ሾፌሩን ቀስ በል ሊለው ፈለገ፤ የሚሰጠው ምክንያት ግን አልነበረውም።