የእንቡጦች ድምፅ

ቁመት ወንጀል ነው ሲባል ሰምታችሁ አታውቁም፤ እንቡጦች የተባለው የዘፋኞች ቡድን ማናጀር ግን ብሎታል። ሦስቱ ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ተነሥተው በአንድ ዘፈን አገር ምድሩን ሲያዳርሱ፣ ግጥሙን ከላይ እስከ ታች የምትዘፍነው ትልቋ ነበረች። ሁለቱ ጓደኞቿ አዝማቹን እየተቀበሉ ይወዛወዛሉ እንጂ በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው። ታዲያ ልጅቱ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ቁመቷ ተመዘዘ። ልብስ ሰፊዋ እናቷ የመድረክ ቀሚሷን የግርጌ እጥፋት ፈትታ ፈትታ፣ የሚፈታ ጨርቅ ሲያልቅባት ማናጀሩ ቤታቸው ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ፎቶው ላይ እኮ ሁለት ተማሪና አንድ አስተማሪ ነው የሚመስሉት» አላት እናትየዋን። «እስቲ ታናሿን ስጪኝ።»

ታናሿ፣ ጩጬ የሚሏት፣ መልኳ የእህቷ ግልባጭ ነው፤ ድምፅ ግን አልፈጠረባትም። ማናጀሩ ለዚህም መላ ነበረው። የትልቋ ድምፅ ተቀድቶ ተቀምጧል፤ ጩጬ አፏን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው ሥራዋ። ትልቋንም እንዳይከፋት «አንቺ ደግሞ ለክፉ ቀን ማይክ ይዘሽ ከመጋረጃው ጀርባ ትቆሚያለሽ» አላት። እናት በማግስቱ ቀሚሱን በጩጬ ልክ ስታሳጥር ተገኘች።

ትልቋ አንጀቷ አረረ። የገዛ ቀሚሷ፣ የገዛ ድምፅዋ፣ የገዛ እህቷ ላይ! ማንን ትጥላ? ጩጬ እንደሆነች «እታለም፣ እዚህ ጋ ትንፋሽ የምትወስጂው የቱ ላይ ነው?» እያለች መግቢያ መውጫ ታሳጣታለች። እሷም ታሳያታለች። እያሳየች ትቀናለች፣ እየቀናች ታፍራለች። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናት ነበር፤ እኔ ከሌለሁ እንቡጦች የሉም ትላለች።

የተፈራው ክፉ ቀን የመጣው አንድ ትልቅ አዳራሽ ጢም ብሎ በሞላበት ዕለት ነው። ዘፈኑ መሐል ላይ ሲደርስ የተቀዳው ድምፅ ተንተባተበና ጸጥ አለ። ሦስቱ ልጆች የያዙት ማይክ ለጌጥ ነው፤ የሚሠራው ትልቋ እጅ ላይ ያለው ብቻ። ጩጬ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ዐይኗ ወደ መጋረጃው ሄደ።

«ዝፈኚ!» አለ ማናጀሩ ትልቋ ጆሮ ሥር። «ኧረ በናትሽ ዝፈኚ!»

ትልቋ ማይኩን እስከ አገጯ አነሣችና እዚያው አቆመችው። ዛሬስ ይለይላቸው አለች በሆዷ። ጥቂት ይጨነቁ፣ የማን ድምፅ እንደሆነ ሰው ሁሉ ይወቀው፤ ከዚያ እዘፍናለሁ። ቂም ዕውር ነው፤ ማንን እንደሚመታ አይለይም።

ከሕዝቡ መሐል ፉጨት ተነሣ። ይሄኔ ጩጬ፣ ምን ታድርግ፣ በባዶ ድምፅዋ ጀመረችው። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ከዜማው ይወጣል፣ ይሰነጠቃል። የፊት ረድፍ ላይ ያሉ ልጃገረዶች ሰሟትና ሳቁ፤ ስቀውም አብረዋት ዘፈኑ። ከኋላቸው ያሉት ተቀበሏቸው። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ግጥሙን አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ያወርደው ጀመር። ዘፈኑ እንዲህ አምሮ ትልቋ ሰምታው አታውቅም፤ እሷ ግን የለችበትም። ተሽቀዳድማ ማይኩን ወደ አፏ ስታስጠጋ ማናጀሩ እጇን ያዛት።

«ተይው አሁን፤ ታበላሺዋለሽ።»

ጩጬ ላብ በላብ ሆና ከመድረክ ስትወርድ እናቷን ጨምሮ ሁሉም ሊያቅፋት ተንጋጋ። እሷ ግን በመሐላቸው ሹልክ ብላ እህቷ ዘንድ መጣች። ትልቋ ፊቷን ለጥፊ አዘጋጀች፤ ጥፊው በተሻላት።

«እታለም፣ አሞሽ ነው አይደል?» አለች ጩጬ፣ የእህቷን አንገት በጣቶቿ እየዳሰሰች። «እንዴት እንደደነገጥኩ! ስትጠፊብኝ የሆነ ነገር ሆናለች አልኩ። አንቺ እኮ እኔን ትተሽ ዝም አትዪም።»

እውነቱን መናገር ሞት ሆነባት።

«አዎ» አለች ትልቋ። «ጉሮሮዬን ነው።»

እናት «ውይ፣ ልጄን!» ብላ ደረቷን ደቃች። ማናጀሩም ሰምቷል። ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገና ማይኩን ከእጇ ተቀበላት።

«እንዲያ ከሆነማ ዕረፊ፤ ከነገ ጀምሮ መምጣትም የለብሽ» አላት። «ለድምፁ አታስቢ፣ ቀድተን ይዘነዋል።»